«እያሳሳቀ»፦ ለጨዋታችን የውሃ ድግምት ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

ለቅዳሜ ጨዋታችን አንድ የሚጎዳ የውሃ ድግምት ልሠራ ነው። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ አምስተኛው እትም። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን ታሪክ በአፋችን እንጫወታለን። አንዱ መሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ይሳካ አይሳካ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። መሪው እኔ ነኝ። ስለዚህ የጠላትን ድግምት የማዘጋጀውም እኔ ነኝ።

ታሪካችን የሚካሄደው በታና አምሳል በፈጠርነው ሐይቅ ላይ ነው። ደሴቶች አሉት። ዳር ዳሩ ደንገል የሚባለው ረጅም የውሃ ሣር ነው። ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይሻገራል። ጠላቶቹ ግን እስከ ዛሬ የሚወረውሩት እሳትና መብረቅ ነው። ይህ አልዋጥ ብሎኛል። ሐይቅ ላይ የሚኖር ደጋሚ ደጁ ያለውን ውሃ ትቶ ለምን እሳት ይለማመዳል?

ስሙ ከሕጉ ቀድሞ መጥቷል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እየተባልን ነው ያደግነው። ድግምቱም «እያሳሳቀ» ይባላል። እንግዲህ ሕጉ ስሙን መምሰል አለበት።

እሑድ

ሦስተኛ ደረጃ እንዲሆን ወስኛለሁ። ድግምቶች ከ1 እስከ 9 ደረጃ ይወጣሉ፤ ሦስተኛው ላይ ነው ደጋሚ የምር መፈራት የሚጀምረው። የጨዋታ መሪዎች መመሪያ ለአዲስ ድግምት መነሻ ልኬት ይሰጣል። ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ ብዙ ሰው የሚመታ ከሆነ 6 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፤ አማካዩ 21 ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚመታ ከሆነ 5 ባለ አሥር ገጽ ዳይስ፤ አማካዩ 27.5 ነው። ዝነኛው የእሳት ኳስ 8 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል። አማካዩ 28 ነው፤ ከልኬቱ በላይ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ ውሃ ግድግዳ ሆኖ ይነሳል፤ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያሉትን በ6 ዳይስ ይጎዳል፤ ያመለጠ ግማሹን ይቀበላል። ሂሳቡ ይሠራል። ግን «ውሃ» የሚለውን አውጥቼ «እሳት» ብተካ አንድ ፊደል ሌላ መቀየር አያስፈልገኝም። ይህን ረቂቅ ትቼዋለሁ።

ውሃ በጉልበት አይመታም ማለቴ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በክረምት ጢስ ዓባይ ሄዶ ውሃው ከ40 ሜትር በላይ ሲወረወር ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ግን እሱ የፏፏቴ ውሃ ነው። እኔ የምፈልገው ከዚያ በላይ ያለውን፣ ዝም ብሎ የተኛውን ውሃ ነው።

ሰኞ

ከሥራ በኋላ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጀልባዎቹ ጠዋት ወደ ክብራንና ወደ ዘጌ የወሰዱትን ሰው መልሰው ታስረዋል። ከሰዓት ነፋሱ ተነስቶ ነበር።

ታና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቁ ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ጀልባ ነጂዎች በጠዋት መሻገር የሚመርጡት በዚህ ነው።

ገመድ የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት ጀልባ ነጂ አገኘሁ። ጨዋታው ምን እንደሆነ ማስረዳቱን ትቼ በቀጥታ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ውሃ ሰው ሲወስድ መጀመሪያ ምኑን ነው የሚይዘው?»

«እግሩን ነዋ፣ የኔ ልጅ። ጭቃው እግሩን ይይዘዋል። እሱ ይስቃል፤ ጓደኞቹም ዳር ሆነው ይስቃሉ። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ነው ሳቁ የሚያልቅ።»

«ከዚያ ይጮሃላ?»

«በምን አፉ? አፉን እኮ ውሃ ሞልቶታል። የሚጮህ ሰው ገና ነው። መሮጥስ ዝም ላለው ነው።»

ገመዱን አስቀመጡና ከጀልባው ውስጥ ዘንግ አወጡ። ረጅም ነው፤ እጅ ሲይዘው የኖረው ቦታ ለስልሶ ጠቁሯል። ጫፉን ወደኔ ዘረጉልኝ።

«ይህን ነው የምትሰጠው። እጅህን እንዳትሰጠው። እጅህን ከሰጠኸው ሁለት ሆናችሁ ነው የምትሄዱ።»

ድግምቱ እዚያው ቆሜ ተሠራ ማለት ይቻላል። እግር፣ ጉልበት፣ አፍ። ደግሞም ዘንግ።

ሰኞ ማታ፣ ከላይኛው የቀጠለ

ያሉት ነገር በሕይወት አድን ሥልጠናም የሚነገር ነው። የሚሰጥም ሰው አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት መተንፈስ እንጂ መጣራት አይችልም። እጆቹ ራሱን ወደ ላይ ለመግፋት ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ ማውለብለብ አይችሉም። ከውሃው ላይ የሚቆየውም ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ሕግ እንምጣ። የሕጉ መጽሐፍ እስትንፋስ መያዝን የሚቆጥረው በደቂቃ ነው፤ ደካማ ገጸ ባሕርይ እንኳ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ይሰጠዋል፤ መደበኛው አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ። በጨዋታው አንድ ዙር 6 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ አንድ ደቂቃ 10 ዙር ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አብዛኛው ውጊያ በ4 ወይም በ5 ዙር ያልቃል። በውጤቱ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ውሃ በውጊያ መሃል ማንንም አያሰጥምም። ሕጉ ስህተት ሆኖ አይደለም፤ አየር ስቦ፣ አስቦበት የጠለቀን ሰው ነው የሚቆጥረው። ሳያስብ የተያዘውን ሰው አይቆጥርም። የኔ ድግምት መግባት ያለበት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሦስት ዙር 18 ሴኮንድ ነው። ከጋሼ ሦስት ቦታዎችም ከእውነተኛው የ20 ሴኮንድ መነሻም ጋር ገጠመ። እዚህ ላይ በጣም ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ

ሦስቱ እርከኖች።

እግር፦ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ጉዳቱ 1 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፤ የመራመድ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ጉልበት፦ 2 ዳይስ፤ ሰውየው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሲመታ ይስታል፣ ሌላው እሱን ሲመታ ይቀናዋል። አፍ፦ 4 ዳይስ፤ አይናገርም። አለመናገር ለጦረኛ ምንም ላይመስል ይችላል። ለደጋሚ ግን አብዛኛው ድግምት በቃል የሚነገር ስለሆነ እጁ እንደተቆረጠ ይቆጠራል።

በያንዳንዱ ተራው መጨረሻ ላይ የተያዘው ሰው የኃይል ማምለጫ ዳይስ ይጥላል። ከተሳካለት አንድ እርከን ይመለሳል። ካልተሳካለት አንድ እርከን ይገባል። እግር ላይ ሳለ ከተሳካለት ነፃ ወጣ።

ሦስቱ ሲደመሩ 7 ዳይስ፤ አማካይ 24.5። ከመመሪያው 27.5 በ3 ያንሳል። ያቺ 3 የመያዙ ዋጋ ናት።

ዕድሉን ሠራሁት። ማምለጫው 15 ቢሆንና (ባለ 20 ገጹ ዳይስ ከገጸ ባሕርዩ ጭማሪ ጋር 15 መድረስ አለበት ማለት ነው) የኛ ጦረኛ 7 ቢደምር፣ በአንድ ውርወራ የሚወድቅበት ዕድል 35 በመቶ ነው። በተከታታይ ሦስቴ ወድቆ አፍ ድረስ የመድረሱ ዕድል 4 በመቶ ገደማ። ኃይል የሌላት፣ እንዲያውም 1 የሚቀነስባት ደጋሚ ግን በአንዱ ውርወራ 75 በመቶ ትወድቃለች፤ አፍ ድረስ የመድረሷ ዕድል 42 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንደዚህም እንዲሆን እፈልጋለሁ። ድግምቱ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ከባድ፣ ጓደኛ ላለው ሰው ቀላል መሆን አለበት።

ስለዚህ የዘንጉ ሕግ፦ ጓደኛ ተራውን ሰጥቶ በዘንግ፣ በገመድ ወይም በጦር ከጎተተ፣ የተያዘው ያለ ምንም ዳይስ አንድ እርከን ይመለሳል። በባዶ እጁ ከጎተተም ይመለሳል፤ ግን ጎታቹ ራሱ የማምለጫ ዳይስ ይጥላል። ከወደቀ እሱም እግሩን ተያዘ።

ከሁሉም የምወደው ይህን ሕግ ነው።

ረቡዕ

ታናሽ እህቴ ደጋሚ ነው የምትጫወተው። ረቂቁን አንብባ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ውሃው ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ምድረ በዳ ላይ ሐይቅ መጥራት ከተቻለ ድግምቱ ሐይቁን አያስፈልገውም፤ ሐይቅ ዳር መኖርም ትርጉም ያጣል።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሲሚንቶው ላይ ደፋሁ። 20 ሊትር ነው። መጀመሪያ እግሬን ነካው፤ ከዚያ ቶሎ ሳሳና ወደ ቦዩ ሄደ። ቁርጭምጭሚቴ ጋ እንኳን አልደረሰም። ግን ከሲሚንቶው ዳር፣ ተረከዜ ሥር ያለው አፈር ወዲያው ጭቃ ሆኖ ጫማዬ ተንሸራተተ። ይህ በቂ መልስ ነው። ጀሪካን፣ እንስራ፣ ኮዳ ውስጥ ያለ ውሃ እግር ድረስ ብቻ ይሄዳል። ጉድጓድ፣ ቦይ፣ ዝናብ ያጠገበው ማሳ ጉልበት ድረስ። አፍ ድረስ ለመድረስ ሐይቅ፣ ወንዝ ወይም ረግረግ በ18 ሜትር ውስጥ መኖር አለበት።

ተጫዋቾቹ አሁን ካርታ ማየት ይጀምራሉ። የት ቆመን ነው የምንዋጋው? ክረምት ነው በጋ? በክረምት የትንሹ ዓባይ፣ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ ዓይነት ወንዞች ሞልተው ዳር ዳሩን ሜዳ ረግረግ ያደርጉታል፤ በበጋ ያው ሜዳ ደረቅ ነው። በጨዋታችን ውስጥ ወር መቁጠር እንጀምራለን።

ሐሙስ

ዛሬ ቁጥር አልሠራሁም። ምን እንደማላስገባ ነው የወሰንኩት።

ጠበል አላስገባም። ግሽ ዓባይ ላይ ሰው የሚጠመቅበትን ውሃ ለሚጎዳ ድግምት መነሻ ማድረግ አልፈልግም። በሐይቁ ላይ ያሉትን ገዳማት ስምም አልነካም፤ በኛ ሐይቅ ላይ ያሉት ደሴቶች የራሳቸው ስም አላቸው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ታንኳ መሥራትና በሐይቁ ላይ መኖር ሲነሳ ነገደ ወይጦዎች ይነሳሉ። ውሃ የሚያዝ ደጋሚ ስፈጥር በነሱ አምሳል መሳል ቀላል ነበር። አላደርገውም። በዚህ አገር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ቡዳ እየተባሉ ስንት መከራ አይተዋል። ወይጦዎችም በመገለል ኖረዋል። በጨዋታ ስም ያንኑ ወሬ ጠረጴዛ ላይ መልሼ አላመጣውም። የኛ ደጋሚ የተማረ፣ ቅኔ የዘለቀ፣ የጌታውን ርስት ለመመለስ የቆረጠ ሰው ነው። ክፋቱ የራሱ ነው፤ የዘር አይደለም።

ከባህላችን የወሰድኩት አንድ ትልቅ ነገር መፍቻውን ነው። የታሰረ ይፈታል። ድግምት የሚያስር ሰው እንዳለ ሁሉ የሚፈታም አለ። ስለዚህ «እያሳሳቀ» የሚታይ ቋጠሮ አለው። ደጋሚው የረጠበ የደንገል ልጥ ይዞ ሦስት ቦታ ይቋጥራል፤ በያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ቃል ይናገራል፦

እግር፣ ሳቅ።
ጉልበት፣ ዕረፍ።
አፍ፣ ዝም በል።

ልጡ የተቆረጠ ወይም የደረቀ እንደሆነ ውሃው ይለቃል። ደጋሚውን መግደል አያስፈልግም። ሮጦ እጁ ላይ ያለውን ልጥ መንጠቅ ይበቃል። በመደበኛው ሕግ ደጋሚ ሲመታ ትኩረቱን እንዳያጣ ዳይስ ይጥላል፤ ያ እንዳለ ይቆያል። ልጡ ተጨማሪ በር ነው።

ዓርብ

አጭር ነገር። ለሁሉም ተጫዋች ለየብቻ በቴሌግራም ጻፍኩ። ነገ ውሃ ሰው የሚይዝበት ነገር አለ፣ ቢቀር የምትሉት ካለ ንገሩኝ አልኳቸው። ከተማችን በሐይቅና በወንዝ መሃል ያለ ከተማ ነው። ውሃ የወሰደበት ሰው ይኖራል። አንድ ጓደኛችን «ይሁን፣ ግን ፊት አትግለጽ» ብሎ መለሰልኝ። በድግምቱ ካርድ ላይ ጻፍኩት፦ መሪው ፊት አይገልጽም። ውሃው የት እንደደረሰ ብቻ ይናገራል።

ቅዳሜ ማታ

ተጫወትነው።

ውጊያው ደንገል ውስጥ ነበር። ጠላት ደጋሚው ከደንገሉ ጀርባ ሆኖ እህቴን መረጠ። የማምለጫ ዳይሷን ጣለች፤ ወደቀች። «እግርሽን ያዘሽ፤ 1 ዳይስ» አልኳት። 2 ነጥብ ወጣ። ሳቀች። «ይኸው ነው?» ብላ በተራዋ ድግምቷን ወረወረች። ተራዋ ሲያልቅ ዳይሱን ጣለች፤ ወደቀች። ጉልበት። አሁን አልሳቀችም። ሌሎቹ ግን ሌላ ጠላት ከበው ዘረፋ ሳይቀር እየተከፋፈሉ ነበር።

ቀጣዩም ወደቀ። ያዘጋጀሁትን ቁራጭ ወረቀት ሰጠኋት። «አፍ። ከዚህ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አትናገሪም፤ እጅሽንም አታነሺም» ይላል። አነበበችና ገልብጣ አስቀመጠችው። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ዝም አለች።

ተራዋ ደረሰ። ማንም አላስተዋለም። ጦረኛውን የሚጫወተው ጓደኛችን «አንቺ፣ ተራሽ እኮ ነው» አላት። ዝም። «ስልክ ነው እንዴ የምታዪው?» ዝም። ከዚያ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየኝ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ይዟታል! ውሃው ይዟታል!»

ወዲያው በእጁ ጎተታት። አንድ እርከን መለሳት፤ የራሱን ዳይስ ግን ጣለና ወደቀ። ሁለቱም ተያዙ። ጋሼ እንዳሉት ሆነ። ቀስተኛዋ ጦር እንዳላት ያስታወሰችው ያኔ ነው፤ ጦሩን ዘርግታ መጀመሪያ እህቴን አወጣች። ሌላው ተጫዋች ደንገሉን ሰንጥቆ ሄዶ ልጡን ነጠቀ።

ሲያልቅ እህቴ ያለችኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «አንድ ዳይስ ምን ያደርገኛል ብዬ ነው የሳቅኩት።» ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

እሑድ

መስተካከል ያለበት አለ። አፍ ላይ የቆየ ሰው በየዙሩ 4 ዳይስ ከተጣለበት በቁጥር ነው የሚሞተው፤ ጓደኞቹ ከመድረሳቸው በፊት ያልቃል። ውጊያው የማውጣት ሩጫ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ስለዚህ 4ቱ ዳይስ የሚጣለው አንዴ ብቻ፣ አፍ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በየዙሩ 1። ድግምቱም ከ5 ዙር አያልፍም። አምስቱንም ዙር የወደቀ ሰው በድምሩ 9 ዳይስ ይቀበላል፤ አማካይ 31.5። ከባድ ነው፤ ግን አምስት ዙር ሙሉ ማንም ሳይደርስለት ለቀረ ሰው ነው።

የሚታተመው ካርድ ይህ ነው፦

እያሳሳቀ። ሦስተኛ ደረጃ። ርቀት 18 ሜትር። እስከ 5 ዙር፣ በትኩረት። የሚያስፈልገው፦ የረጠበ የደንገል ልጥ፣ በቅርብ ያለ ውሃ። የምታየውን አንድ ሰው ትመርጣለህ። በኃይል ማምለጫ ከወደቀ እግሩ ይያዛል፤ በየተራው መጨረሻ እንደገና ይጥላል፤ ሲወድቅ ወደ ጉልበት፣ ከዚያ ወደ አፍ ይገባል፤ ሲሳካለት ይመለሳል። እግር 1፣ ጉልበት 2፣ አፍ 4 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ 1። ውሃው ምን ያህል እንደሆነ እርከኑን ይወስናል። በዘንግ የጎተተ በነፃ ያወጣል፤ በእጁ የጎተተ ራሱም ይጥላል። ልጡ ሲቆረጥ ወይም ሲደርቅ ሁሉም ያበቃል። አፍ ላይ ያለ ተጫዋች አይናገርም። መሪው ፊት አይገልጽም።

የሚቀጥለው የአምስተኛ ደረጃ ወንድሙ ነው። ሰው ሳይሆን ታንኳ የሚይዝ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ባለቤቶቹ ከተጠቀሙበት በኋላ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ለዚህ ነው። ደጋሚው የብዙ ቀኑን መጠጣት በጥቂት ዙር ያስጠጣዋል። እምቦጭንም ላስገባው አስቤ ነበር፤ ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ በታና ላይ ያየነው ነገር ለብቻው ሌላ ድግምት ይወጣዋል። እሱን ለኋላ ትቼዋለሁ። አሁን የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው፦ ሁለት ሰው የጫነ ታንኳ ውሃ ሲጠጣ መጀመሪያ የሚከብደው ከፊቱ ነው ከኋላው? ነገ ከሥራ በኋላ ወርጄ ጋሼን እጠይቃለሁ።